ቤት ስንቀጥል መሠረቱን እንዴት እንጣል?

ልጅ ሲያድግ፣ ምርት ሲበዛ፣ ከብት ሲራባ ቤት ይጠባል። ያን ጊዜ ገበሬው ከቤቱ ጎን አንድ ክፍል ይቀጥላል። ከደጁ በረንዳ ያወጣል። ከጓሮው ጎተራ ያቆማል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በየቀበሌው ዞር ዞር ብሎ ላየ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። ዋናው ቤት ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቅጥያው ብቻ ያዘመመበት ግቢ ብዙ ነው። በሁለቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ክረምት ሲመጣ በዚያ ስንጥቅ ውሃ ይገባል። ባለቤቱ በየዓመቱ በጭቃ ይመርገዋል። በየዓመቱም ይሰነጠቃል።

ለምን? ጭቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ችግሩ ከታች ነው።

ማንበብና መጻፍ ለማስተማር በሄድኩበት ቀበሌ አንድ አባወራ የቀጠሉት ክፍል ሁለት ክረምት ሳይሞላው አዘመመ። "አባባ፣ ቋሚዎቹን ምን ያህል ቀብረዋቸው ነበር?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "አንድ ክንድ ትሆናለች ልጄ። ቆርቆሮው ገንዘቡን በላብኝ፣ ለታቹ ምንም አልተረፈኝ" አሉኝ። እሳቸው ብቻ አይደሉም። ቆርቆሮን ጎረቤት ያየዋል፤ መሠረትን ማን ያየዋል? ስለዚህ ብሩ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል።

በጥንት ዘመንም እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል። አክሱም ውስጥ 33 ሜትር ርዝመት ያለው ታላቅ ሐውልት ተሰባብሮ መሬት ላይ ተጋድሟል። ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። የጠራቢዎቹ ጥበብ እጅግ ያስደንቃል። ሆኖም መሬት ውስጥ እንዲቀበር የተተወለት እግር ሦስት ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ጥናት ያደረጉ ሰዎች እንደሚሉት ሐውልቱ ሲያቆሙት ወይም ከቆመ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። ለቁመቱ እግሩ አጥሮበት ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። መሠረት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ የቤቱን ክብደት በሰፊ መሬት ላይ ያሰራጫል። ሰው ረግረግ ላይ በተረከዙ ቢቆም ይሰምጣል። ሳንቃ አንጥፎ ቢቆምበት ግን አይሰምጥም። ሁለተኛ፣ እንጨቱን ከእርጥብ አፈርና ከምስጥ ያርቃል። የባሕር ዛፍ ቋሚ መሬት ውስጥ ሲቀበር የሚበሰብሰው ልክ በአፈሩ አፍ ላይ ነው። ከላይ ደህና መስሎ ይቆያል። አንድ ቀን ነፋስ ሲመጣ ከዚያው ከአፈሩ አፍ ይቆረጣል።

ከሁሉ በፊት አፈራችሁን እወቁ። ቀይ አፈር ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ከላይ ያለውን ልልና ሥር ያለበትን አፈር አንሥቶ ሲቆፍር ጠንካራውን ያገኛል። ዶማው እምቢ ማለት ሲጀምር፣ ረጋጭ ሰው ተረከዙ የማይገባ ሲሆን፣ እዚያ መቆም ይቻላል። ለአንድ ክፍል ወይም ለበረንዳ አብዛኛውን ጊዜ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ጠንካራው ካልተገኘ ግን 60 ደረሰ ብላችሁ አትቁሙ። ቀጥሉ።

ጥቁር አፈር ሌላ ነገር ነው። መረሬ የሚሉት አሉ፤ ዋልካ የሚሉትም አሉ። በቾን፣ አድአን፣ እነዋሪን፣ ጊንጪን፣ ፎገራን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። በአገራችን ይህ አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ለጤፍ፣ ለስንዴና ለሽምብራ መልካም ነው፤ ለቤት ግን ጠላት ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በበጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። ሲያብጥ ቤቱን ወደ ላይ ይገፋል። ሲኮማተር ይለቀዋል። ጉልበቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የአስፋልት መንገድንም ያነሣል።

ታዲያ ጥቁር አፈር ላይ ያለ ገበሬ ምን ያድርግ? ጥቁሩ አፈር ስስ ከሆነ ቆፍሮ ማለፍና ከሥሩ ባለው ጠንካራ መሬት ላይ መቆም ነው። አንድ ሜትር ተኩል ተቆፍሮም ጥቁሩ ካላለቀ፣ እኔ የምለው ቅጥያውን ሌላ ቦታ ሥሩት ነው። በግቢያችሁ ጭንጫ ወይም ቀይ መሬት ካለ ከቤቱ ትንሽ ቢርቅም እዚያ ይሻላል። የግድ እዚያው ነው ካላችሁ የግንባታ ባለሙያ ሳታማክሩ አትጀምሩ። የአንድ በሬ ዋጋ የሚበላ ሥራ በግምት አይጀመርም።

ከአሮጌ ቤት አጠገብ ስትቆፍሩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአሮጌው ግድግዳ ሥር አትቦርቡሩ። አንድ እርምጃ ያህል ራቁ። ጉድጓዱን ሁሉ በአንድ ቀን አትክፈቱ፤ አንዱን ቆፍራችሁ ከሞላችሁ በኋላ ቀጣዩን ጀምሩ። ያደረ ጉድጓድ ካለ በእንጨትና በድንጋይ ክደኑት። ጥጃም ልጅም ይገባበታል።

ደግሞም አዲሱን ክፍል ከአሮጌው ጋር በሚስማር አትስፉት። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። "ካልታሰረ እንዴት ይቆማል?" ይላሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌው ቤት ከተሠራ ብዙ ክረምት አልፎታል። የሚሰምጠውን ያህል ሰምጦ ተቀምጧል። አዲሱ ግን ገና ይቀመጣል። ሁለቱ ከታሰሩ አዲሱ ሲወርድ አሮጌውን ይጎትተዋል፣ ግድግዳውም ይቀደዳል። ስለዚህ አዲሱ በራሱ ቋሚዎች ይቁም። በመካከላቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። የአዲሱ ቆርቆሮ ጫፍ ከአሮጌው ክዳን ሥር ገብቶ፣ ሳይቸነከር፣ ውሃውን ይቀበል።

አሁን ኮንክሪቱን እንሥራ። ኮንክሪት ማለት ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ተለውሰው እንደ ድንጋይ የሚጠነክሩበት ነው። መጠኑ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር ነው። በአካፋ አትቁጠሩ። አካፋ አንዴ ይሞላል፣ አንዴ ይጎድላል። ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን አሠሩ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለት 50 ኪሎ፣ ይህን ሳጥን ይሞላል። እንግዲህ ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋና አራት ሳጥን ጠጠር ነው። ነጋዴው በኩንታል ከነገራችሁ አንድ ኩንታል ሁለት ከረጢት መሆኑን አትርሱ።

አሸዋው ከወንዝ ሲመጣ ጭቃ ይዞ ይመጣል። መፈተኑ ቀላል ነው። በሚያሳይ ጠርሙስ እስከ ግማሽ አሸዋ አድርጉ። ውሃ ጨምራችሁ አጥብቃችሁ ናጡት። ከዚያ አስቀምጡትና ሌሊቱን ይደር። አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ሆኖ ይለያል። አሸዋው አሥር ጣት ከሆነና ጭቃው ከግማሽ ጣት ከበለጠ ያ አሸዋ መታጠብ አለበት።

ስንት ከረጢት እንደሚያስፈልግ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ማባዛት የተማረ ሰው ይችለዋል። ስድስት ቋሚ ላለው ክፍል እንውሰድ። የአንዱ ጉድጓድ ርዝመት 40፣ ወርድ 40፣ ጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር ነው። 40 በ40 ሲባዛ 1,600። 1,600 በ60 ሲባዛ 96,000። ለ1,000 ሲካፈል 96 ሊትር። ከጉድጓዱ በላይ የሚወጣው የኮንክሪት አንገት ደግሞ 20 በ20 በ30 ነው፤ ይህ 12 ሊትር ይሆናል። ድምሩ 108 ሊትር። ስድስቱ ጉድጓድ 648 ሊትር። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከአሸዋውና ከጠጠሩ ጋር ተለውሶ ወደ 150 ሊትር ኮንክሪት ይወጣዋል። 648 ለ150 ሲካፈል አራት ደርሶ ይተርፋል። ስለዚህ አምስት ከረጢት ግዙ። ሻጩ ወይም ግንበኛው አሥር ያስፈልጋል ቢል ወረቀታችሁን አውጥታችሁ አሳዩት። ንጹሕና ጠንካራ ድንጋይ በጉድጓዱ ውስጥ እያራራቁ፣ ኮንክሪቱ በየመካከሉ እንዲገባ አድርጎ መጨመርም ይቻላል። ድንጋዩ ከጉድጓዱ አንድ ሦስተኛ አይብለጥ። ይህ ከአምስቱ ከረጢት አንዱን ያተርፋል።

መጀመሪያ ሲሚንቶና አሸዋውን ደረቁን አንድ መልክ እስኪይዝ ቀላቅሉ። ጠጠሩን ጨምሩ። ውሃውን በመጨረሻ ጥቂት በጥቂት አፍስሱ። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ያህል ይበቃል። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚህም ያንሳል። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ውሃ ሲበዛ መለወሱ ይቀላል፣ ክንድ ያርፋል። ነገር ግን ትርፉ ውሃ ወጥቶ ሲያልቅ ቦታው ባዶ ቀዳዳ ይሆናል፣ ኮንክሪቱም ይሰባበራል። ልውሱ ወፈር ያለ ገንፎ ይምሰል እንጂ አጥሚት አይምሰል። ከተለወሰ በኋላ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉድጓድ ይግባ። ስትጨምሩት በብረት ወይም በእንጨት ዘንግ እየወጋችሁ አየሩን አስወጡ። በባዶ እጅና በባዶ እግር አትሥሩ፤ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል።

ቋሚውን እንጨት ኮንክሪቱ ውስጥ አትቅበሩት። ኮንክሪቱ እንደ ጽዋ ውሃ ይዞ ያበሰብሰዋል። አንገቱ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ይቁም። ኮንክሪቱ ገና ለስላሳ ሳለ ሁለት ጠፍጣፋ ብረት ትክሉበት። በኋላ ቋሚው በሁለቱ ብረት መካከል ይገባና በቡሎን ወይም በሚስማር ይያዛል። ምስጥ ከዚህ በኋላ ወደ እንጨቱ ለመድረስ በአንገቱ ላይ የጭቃ መንገድ መሥራት አለባት። ያ መንገድ ለዓይን ይታያል። በየሳምንቱ እያያችሁ በቢላ መፋቅ ነው።

ከሁሉ የሚረሳው ነገር ይህ ነው። ጭቃ የሚጠነክረው ፀሐይ ሲመታው ነው። ስለዚህ ምርጊት የለመደ ሰው ኮንክሪትም ቶሎ ይድረቅ ብሎ ገላልጦ ይተወዋል። ኮንክሪት ግን እንደ ጭቃ ደርቆ አይጠነክርም። ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ነው የሚጠነክረው። ውሃው ቶሎ ከሄደ ሥራው በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ በሣር፣ በጆንያ ወይም በላስቲክ ሸፍናችሁ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። ከሰባት ቀን በፊት ቋሚ አትጫኑበት።

ውሃውን ማን ይቀዳል? በብዙ ቤት የሚቀዱት ሚስትና ሴት ልጆች ናቸው። ለመለወስ አምስት ትልቅ ጀሪካን፣ ለሰባት ቀን ደግሞ ቢያንስ በየቀኑ አንድ ጀሪካን ይጨመርበታል። ምንጩ የአንድ ሰዓት መንገድ ከሆነ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ሲሚንቶ ከመገዛቱ በፊት ባልና ሚስት ስለ ውሃው ይነጋገሩ። በአህያም ይመጣል፣ በወንዶቹም ትከሻ ይመጣል። ጊዜውም ይመረጥ። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ ምንጩ ሳይደርቅ በፊት ይሻላል።

ቤቱ ከቆመ በኋላ ከክዳን የሚወርደው ውሃ መሠረቱ ሥር እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ አውጡ። አፈሩ ከግድግዳው ወደ ውጭ ያዘንብል። ጥቁር አፈር ላይ ይህ ቦይ ከሲሚንቶው ባላነሰ ቤቱን ይጠብቃል። በየክረምቱ መግቢያ ይጠረግ።

ጎተራም በዚሁ ዓይነት አንገት ላይ ይቆማል። ልዩነቱ ለአይጥ ማሰብ ያስፈልጋል። ወለሉ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በእያንዳንዱ እግር ላይ፣ ከወለሉ ሥር፣ ከቆርቆሮ የተሠራ አፉ ወደ ታች የሆነ ቆብ ይደረግ። አይጥ በእግሩ ስትወጣ ቆቡ ውስጥ ገብታ መንገድ ታጣለች። ቆቡ ግን ብቻውን አይበቃም። ከጎተራው አጠገብ የተቆለለ እንጨት ወይም የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ካለ ከዚያ ትዘላለች። መሰላሉም ማታ ማታ ከጎተራው ይነሣ።