የካቲት 12 በጎጌቲም ውሏል

የካቲት 12 ሲባል ሁላችሁም የምታስቡት አዲስ አበባን ነው። ስድስት ኪሎ የቆመው ሐውልት ይታወሳችኋል፤ በግራዚያኒ ላይ የተወረወረው ቦምብ፣ ከዚያም ሦስት ቀን ሙሉ የፈሰሰው የድሃ ደም ይታወሳችኋል። ልክ ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ እዚሁ ጉራጌ አገር፣ ቡታጅራ አካባቢ፣ ጎጌቲ በተባለ ቦታ ሌላ ጦርነት ይካሄድ ነበር። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ አስተምራለሁ ብዬ ጠመኔ የያዝኩት ልጅ ራሴ፣ ትምህርቴን ልጨርስ እስክቃረብ አላውቅም ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ ይህን ጉዳይ ይዤ የቀረብኩት።

ወደ ጎጌቲ ከመድረሳችን በፊት ሁለት ቃል እንፍታ። የባዕድ መንግሥት ድንበር ተሻግሮ፣ የሰው አገር በጦር ይዞ፣ መሬቱንና ጉልበቱን ለራሱ ጥቅም ሲያውል ቅኝ አገዛዝ ይባላል። ሕዝቡ ደግሞ ቀድሞ «እኔ የእገሌ ቤት ነኝ፣ አንተ የእገሌ ጎሣ ነህ» እየተባባለ ይኖር የነበረው፣ የባዕዱ ቀንበር በሁሉም ጫንቃ ላይ ሲያርፍ «ለካ እኛ አንድ ነን» ማለት ይጀምራል። ይህ ስሜት ብሔርተኝነት ይባላል። በህንድም፣ በጋናም፣ በኬንያም የበቀለው እንዲህ ነው። በእኛ አገር ጠላት አዲስ አበባን የያዘው ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ነው። አምስት ዓመት። አጭር ነው ትሉ ይሆናል፤ የኖሩበት አባቶች ግን አጭር አይሉትም።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ሸፍኜ ማለፍ አልፈልግም። ጉራጌ ወደ ምኒልክ ግዛት የገባው እንዴት ነበር? ክስታኔ ቀደም ብሎ፣ በ1868 ዓ.ም. ገደማ፣ ያለ ብዙ ውጊያ ገባ። በምዕራቡ በኩል ግን ነገሩ በደም ነው ያለቀው። ወልቂጤ አጠገብ ቀቤና ላይ ሐሰን እንጃሞ ብዙ ዓመት ተዋግተው፣ በ1881 ዓ.ም. ገደማ በራስ ጎበና ጦር ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ መልከኛው መጣ፤ ገበሬው ገባር ሆነ፤ የእንሰት ማሳውን እየፋቀ ለሌላ ሰው አበላ። ኢጣሊያ በመጣችበት ጊዜ ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች በሕይወት ነበሩ። እንግዲህ እንዲህ የተገፋ ሰው ለአዲስ አበባ መንግሥት ብሎ ለምን ይሞታል?

የደጃዝማች ባልቻን ታሪክ ስመለከት መልሱ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። ባልቻ ሳፎ የጉራጌ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው በምኒልክ ዘመቻ ጊዜ ተማርከው ነው ወደ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት። የተማረከው ልጅ አድጎ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በመድፈኛነት ስሙ ገነነ፤ «አባ ነፍሶ» ተባለ። በኋላም ሲዳሞን ገዙ፤ እዚያ ደግሞ ገባር ያስገበሩት እሳቸው ናቸው፤ ይህንንም መርሳት የለብንም። በ1920 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር ተጣልተው ሹመታቸውን ተነጠቁ፤ ታሰሩ። ኢጣሊያ ስትገባ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ በመንግሥት የተገፉ ሽማግሌ ነበሩ። «ያሰረኝ መንግሥት ይውጣው» ብለው መቀመጥ ይችሉ ነበር እኮ! ግን አልተቀመጡም። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በጉራጌ አገር ከጠላት ጋር ሲዋጉ ሞቱ። እጄን እሰጣለሁ ብለው የመጡትን ኢጣሊያኖች አስጠግተው ተኮሱባቸው ተብሎ ይወራል።

ወደ ጎጌቲ እንመለስ። ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ግንባር ግራዚያኒን የገጠሙት የጦር አዛዥ ናቸው። የንጉሡ አማች ናቸው፤ በ1925 ዓ.ም. አሜሪካ ድረስ ተልከው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ያነጋገሩም እሳቸው ናቸው። አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው ናቸው። አባትየው አድዋ ላይ ሲወድቁ ደስታ ገና ሕፃን ነበሩ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላም ሲዳሞ ውስጥ ወራት ሙሉ ተዋጉ። ጥይት አለቀ፣ ስንቅ አለቀ፣ ሰው አለቀ። የቀረውን ይዘው ወደ ሰሜን አቀኑ። ጎጌቲ ላይ ተከበቡ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም እዚያ ወደቁ፤ ደጃዝማች በየነ መርድም በዚሁ ዘመቻ ተገደሉ። ራስ ደስታ ከከበባው አመለጡ፤ ግን አምስት ቀን ብቻ ነው የቆዩት። የካቲት 17 ቀን ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው በጥይት ተደበደቡ። አዲስ አበባ ላይ ሬሳ ገና ተለቅሞ አላለቀም ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አዲስ አበባ ላይ ቦምቡን የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የኤርትራ ልጆች ናቸው፤ ከእኛ ቀድሞ በኢጣሊያ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረ አገር የተወለዱ። በዚያው ቀን ጎጌቲ የተዋጋው የፊታውራሪ ዳምጠው ልጅ ነው። አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም፤ ያገናኛቸው ጠላት ነው።

ጠላት ግን ሞኝ አልነበረም። ግንቦት 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አገሪቱን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ቀላቅሎ እንደገና በዘርና በቋንቋ ቆራረጣት። ገባርነት ቀረ ብሎም አወጀ፤ በዚህ የተደሰተ ገበሬ ነበር፤ ባንዳ የሆነም ነበር። መልከኛው ሲያስለቅሰው ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ላይ ፋሽስቶች ሌላ ሕግ አወጡ፤ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ኢጣሊያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰር የሚል። ይህ ሕግ ለመልከኛውም ለገባሩም እኩል ነበር፤ ሁለቱም «ጥቁር» ተብለው በአንድ መዝገብ ገቡ። አዲስ አበባ ላይም ገበያው ከአራዳ ተነስቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ ተገፋ፤ ነጩ ከጥቁሩ እንዳይደባለቅ ነው። ጉራጌው ሸቀጡን ተሸክሞ እዚያው ገባ፤ መርካቶንም የራሱ አደረገው። ግራዚያኒ ይህን አላሰበም መቼም!

ወልቂጤን አቋርጦ ጅማ የሚወርደውንም መንገድ ጠላት ሠራው፤ ጦሩን ሊያመላልስበት። በዚያ መስመር ወሊሶ ላይ ገረሱ ዱኪ የሚባሉ የኦሮሞ ተወላጅ አርበኛ ዓመታት ሙሉ ዕረፍት ነሱት። በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ጊቤ ሲሰበርና ጅማ ነፃ ስትወጣ ገረሱ ከነአርበኞቻቸው እዚያ ነበሩ። ጠላት በሠራው መንገድ ጠላት ተባረረበት።

የእኛ መወረር ለሌላውም አፍሪካዊ ደወል ነበር። ኬንያዊው ጆሞ ኬንያታ በዚያን ጊዜ ለንደን ነበሩ፤ ከጓደኞቻቸው ጋር ለኢትዮጵያ የሚሟገት ማኅበር አቋቋሙ። የጋናው ክዋሜ ንክሩማም ወጣት ሳሉ የወረራውን ዜና ለንደን ላይ ሲሰሙ እጅግ እንደተቆጡ ጽፈዋል። ሁለቱም በኋላ አገሮቻቸውን ነፃ አውጥተው መሩ።

ከድሉ በኋላስ? ባለርስቱ ተመለሰ። ጎጌቲና ጊቤ ላይ ደሙን ያፈሰሰው ገበሬ ዳግመኛ ጭሰኛ ሆነ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ከድሉ 34 ዓመት በኋላ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ፊደል የቆጠራችሁ እንግዲህ አዲስ አበባ ስትሄዱ በሮቹ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለሕክምና ስትሄዱ አንዱ ሆስፒታል «ደጃዝማች ባልቻ» ይላል፤ ሌላው «ራስ ደስታ ዳምጠው» ይላል። ፈረንሳይኛ የሚያስተምረውም ትምህርት ቤት በገብረ ማርያም ስም ነው፤ ጎጌቲ ላይ በወደቁት። ስንት ሰው በነዚያ በሮች ሲገባ ሲወጣ ይውላል፤ የማን ስም እንደሆነ አይጠይቅም። እናንተ ግን ከቡታጅራ የመጣችሁ እንደሆነ፣ አጠገባችሁ ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ጎጌቲ ወዴት እንደሆነ ንገሩት።