የደስታ ዘፈንና የሚወራበት

ተረት፦ «ዶንት ወሪ፣ ቢ ሃፒ»ን የዘፈነው ቦብ ማርሊ ነው።

እውነታ፦ ማርሊ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ዘፈኑ ደግሞ የወጣው በ1988። የዘፈኑ ባለቤት አሜሪካዊው ቦቢ ማክፈሪን ነው። ስህተቱ ሥር የሰደደበትን ምክንያት መገመት አይከብድም። ማክፈሪን በዘፈኑ ውስጥ የካሪቢያን ሰዎችን አነጋገር ይኮርጃል፣ ምቱም ወደ ሬጌ ያደላል። ማርሊም በ1977 ባወጣው «ኤክሶደስ» አልበም ውስጥ «ስሪ ሊትል በርድስ» የተባለ፣ በመንፈሱ የሚቀራረብ ዘፈን አለው። እኛ ዘንድ ደግሞ ማርሊ እንደ ቤት ልጅ ስለሚታይ፣ ሬጌ ሬጌ የሚል ነገር ሁሉ ለእሱ ቢሰጥ አይገርምም።

የሚገርመው አሠራሩ ነው። በዘፈኑ ውስጥ አንድም የሙዚቃ መሣሪያ የለም። ባሱም፣ ፉጨቱም፣ አጃቢዎቹም ራሱ ማክፈሪን ነው፤ ድምፁን በየተራ ቀርጾ ደራረበው። ያለ መሣሪያ የተሠራ ዘፈን በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ ያኔ የመጀመሪያው ነበር። በ1989 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ሽልማትም ወሰደ።

ተረት፦ ይህን ሁሉ ደስታ የዘፈነው ሰው ራሱን አጠፋ።

እውነታ፦ ፈጠራ ነው። ማክፈሪን ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሲዘፍንና ኦርኬስትራ ሲመራ ኖሯል። ሲያስቅ የኖረ ሰው ሲያለቅስ መስማት ለወሬ ስለሚመች ብቻ ይመስለኛል የተዛመተው።

ተረት፦ ደስ የሚል ዘፈን ከፍቶ «አሁን ደስ ይበለኝ» ማለት ይበቃል።

እውነታ፦ እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። በ2003 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆናታን ስኩለርና ባልደረቦቹ ለሰዎች የስትራቪንስኪን «የፀደይ ሥርዓት» የተባለ ሙዚቃ አሰሙ። በተቻላቸው መጠን ደስተኛ ለመሆን እንዲጥሩ የተነገራቸው፣ ምንም ሳይነገራቸው ዝም ብለው ካዳመጡት የባሰ ስሜት ነበራቸው። እየሰሙ ደስታቸውን እንዲለኩ የተጠየቁትም እንዲሁ አልቀናቸውም። ከዚያ ወዲህ «ደስታን ያሳደደ ያጣዋል» የሚለው አባባል ሳይንሳዊ ማረጋገጫ ያገኘ መሰለ።

ግን የተመረጠውን ሙዚቃ ልብ ይሏል! በ1913 ፓሪስ ላይ መጀመሪያ ሲቀርብ ተመልካቹን ያንጫጫ፣ ሻካራና አስደንጋጭ ሥራ ነው። በእሱ ደስ ይበላችሁ መባል ራሱ ቅጣት ነው። በ2013 ዩና ፈርጉሰንና ኬነን ሼልደን ፍካት ያለውን የኮፕላንድ ሙዚቃ ጨምረው ሞከሩት። በዚህኛው፣ ስሜታቸውን ለማሻሻል እያሰቡ ያዳመጡት፣ ያንኑ ሙዚቃ ያለ ሐሳብ ከሰሙት ይልቅ ደስ ብሏቸው ተገኙ። እንግዲህ መጣር ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፤ የሚሰማው ሙዚቃም ለደስታ የሚጋብዝ መሆን አለበት። በየደቂቃው «አሁንስ ደስ አለኝ?» እያሉ ራስን መመርመር ግን የሚረዳ አይመስልም። ሁለቱም የቤተ ሙከራ ጥናቶች ናቸውና ከነሱ ተነስቶ የሕይወት መመሪያ ማውጣት ይከብዳል።

ተረት፦ ደስተኛ መሆን የሚፈልግ ሰው ከሚያሳዝን ዘፈን መራቅ አለበት።

እውነታ፦ ሊላ ታሩፊና ስቴፋን ኮልሽ በ2014 ባወጡት ጥናት 772 ሰዎችን ስለ አሳዛኝ ሙዚቃ ጠይቀዋል። በብዛት የተጠቀሰው ስሜት ሐዘን አልነበረም፤ ናፍቆት ነበር። ብዙዎቹም መጽናናትን እንደሚያገኙበት ተናግረዋል። በትዝታ ቅኝት ላደገ ጆሮ ይህ ምን አዲስ ነገር አለው? በሠርግ ማግስት ቤቱ ጭር ሲል፣ ወይ በስደት አገር ከሥራ መልስ፣ ሰው ትዝታ የሚከፍተው ሊያዝን ፈልጎ አይደለም።

ድባቴ ለሚያጠቃው ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያንኑ አሳዛኝ ዘፈን እየመላለሰ፣ የራሱን ችግር እያብሰለሰለ የሚያዳምጥ ከሆነ ስሜቱ ይበልጥ ሊከብድ ይችላል። ደስ የሚል ዘፈን ቢከፈትለትም ሕክምናውን አይተካለትም።