ያውቁ ኖሯል? ከሽርሽር ወደ ዘመቻ፣ ከዘመቻ ወደ ጭቃ!

እ.ኤ.አ. በ1902 አንድ አሜሪካዊ የባቡር ሐዲድ ቱጃር ለሽርሽር ያሠራት የእንፋሎት መርከብ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች መዝመቷን ያውቁ ኖሯል?

የተሠራችው ዴላዌር፣ ዊልሚንግተን ውስጥ ነው። ስሟ "ኬልት"፣ ርዝመቷም 57 ሜትር ገደማ! ይህ ሁሉ ለአንድ ጌታ መዝናኛ!

ሌላ ሰው ገዛትና "ሴቸም" አላት። አንዳንድ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አለቃቸውን የሚጠሩበት ቃል ነው። በ1917 አሜሪካ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል ባሕር ኃይል ተረከባት። ያን ጊዜ ተሳፍሮባት ምርምር ያደርግ የነበረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቶማስ ኤዲሰን! አዎ፣ ባለ አምፖሉ!

ኤዲሰን ያኔ 70 ዓመቱ ነበር። በጦርነቱ ከደከመባቸው ነገሮች አንዱ የሰርጓጅ መርከብን ድምፅ ከሩቅ የሚሰማ መሣሪያ ነው። ሰውየው ራሱ ግን ጆሮው እምብዛም አይሰማም ነበር! እስቲ ይታይዎ!

ጦርነቱ አበቃ፤ እሷም ወደ ባለቤቷ ተመለሰች። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። የቱጃሩ መርከብም መንጠቆ የያዙ ዓሣ አጥማጆችን ታመላልስ ጀመር!

በ1942 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች አሜሪካ ደጃፍ ድረስ መጡ። የባሕር ዳር ከተሞች መብራታቸውን አላጠፉም ነበር፤ የጭነት መርከቦቹ በዚያ ብርሃን ፊት ጥላቸው ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር! ጠላት አነጣጥሮ መምታት ብቻ ነበር የቀረው። ባሕር ኃይል ግን በቂ የቅኝት መርከብ አልነበረውም። ስለዚህ ወደ ሀብታሞቹ የሽርሽር መርከቦች ዞረ፤ የእኛይቱንም በ65,000 ዶላር መልሶ ገዛት!

አዲሱን ስሟን ይስሙማ፦ "ፊናካይት"! የከበረ ድንጋይ ስም ነው። የግሪክ ሥረ ቃሉ ደግሞ "አታላይ" ማለት ነው፤ ድንጋዩ ኳርትዝ እየመሰለ ሰው ያሞኛልና! የሽርሽር ልብሷን አውልቃ ለምትዘምት መርከብ ከዚህ የሚበልጥ ስም ከየት ይገኛል? (ያወጣላት ሰው ይህን አስቦ ከሆነ እጁ ይባረክ!) ፍሎሪዳ ደሴቶች አካባቢ ስትቃኝ ከረመች።

ከጦርነቱ በኋላስ? ስሟ "ሰርክል ላይን 5" ሆነና ማንሃተንን በሚያዞሩ የጉብኝት መርከቦች ተርታ ገባች። ይህን ስታደርግ አሥርተ ዓመታት አለፉ!

በ1986 ሌላ ገዢ አገኘች። በስንት? በ7,500 ዶላር! በዚያው ዓመት በወጣው የዘፋኟ ማዶና "ፓፓ ዶንት ፕሪች" ቪዲዮ ላይም ብቅ አለች!

የመጨረሻ ጉዞዋ ደግሞ ይብሳል። ከኒው ዮርክ በታላላቆቹ ሐይቆች፣ በቺካጎ፣ በሚሲሲፒ አድርጋ ወደ ኦሃዮ ወንዝ ገባች! የባሕር መርከብ በየብስ መሀል!

ዛሬ ኬንታኪ ውስጥ፣ ፒተርስበርግ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ገባር ወንዝ ውስጥ ጭቃ ይዟት ቀርታለች። ዝጋለች። ዛፍ በቅሎባታል። ሊያዩዋት የሚመጡት ታንኳ እየቀዘፉ፣ ቅርንጫፉን በእጃቸው ገለጥ እያደረጉ ነው!