በእንጦጦ መንገድ የተዘጋባቸው ተርጓሚ

እንጦጦ ማርያም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 ዳግማዊ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑባት ደብር ናት። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1886፣ ከባርነት ነፃ የወጡት አናሲሞስ ነሲብ ወደ ወገኖቻቸው ለመድረስ ሲጓዙ እንጦጦ ደርሰው ነበር። የማለፊያ ፈቃድ ግን አላገኙም።

አናሲሞስ የተወለዱት በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ሲሆን የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ነው፤ ትርጉሙም በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። በልጅነታቸው ተነጥቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ። በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ።

ከእንጦጦ ከተመለሱ በኋላ በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎሙ። ከአገራቸው የተለዩት በልጅነት በመሆኑ የጎደላቸውን የቋንቋ ሀብት የሞሉላቸው፣ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ የወጡት አስቴር ጋኖ ናቸው። ሁለቱ በ1894 ተረትና ዘፈን ያካተተ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ፤ መጽሐፍ ቅዱሱም በ1899 ተሟልቶ ታተመ።

አናሲሞስ በ1904 ነቀምቴ ገብተው ማስተማር ጀመሩ፤ በ1931 አረፉ። ባርነት በአዋጅ የተሻረው ከዚያ 11 ዓመት በኋላ፣ በ1942 ነው።

ባርነት ሰውን ከወገኑና ከቋንቋው ይነጥላል፤ አናሲሞስና አስቴር ያንኑ ቋንቋ በጽሑፍ ለወገናቸው መልሰዋል።