ከባቲ ቅኝት እስከ ፒያኖ መድረክ

ከሚሴ ዋና ከተማው የሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀውን ባቲን ያቅፋል፤ ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ የሚጠራው በእሷ ስም ነው። የአገሩን ቅኝት ወደ ፒያኖ ካመጡት አንዱ ግርማ ይፍራሸዋ በ1967 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው ክራር ይጫወቱ ነበር፤ ፒያኖ የጀመሩት ግን በ16 ዓመታቸው፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ለክላሲካል ፒያኒስት ይህ እጅግ የዘገየ ጅምር ነው! በቡልጋሪያዋ ሶፊያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ ከ1995 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በያሬድ አስተማሩ። ከዚያ ኑሯቸውን በኮንሰርት ላይ መሠረቱ፤ የክላሲካል አድማጭ ጥቂት በሆነበት አገር ደፋር ውሳኔ ነው። በመድረክ ላይ የአውሮፓን ድርሰቶች ከራሳቸው ሥራዎች ጋር ያቀርባሉ፤ ከእነዚህ አንዱ የወሎውን ቅኝት ስም የያዘው «አምባሰል» ነው።