ከቦሌ ቱም ስንት ሰዓት ነው?

ዋሽንግተን የሚኖር አንድ ወዳጄ ማጂ ያሉ ዘመዶቹን ሊጠይቅ አስቦ፣ «ከቦሌ እስከ ቱም በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው ይላል፤ ትኬቱን የት ልቁረጥ?» ሲል ጠየቀኝ።

ወዳጄ ያየው የበረራ ርቀት ማስያ በስሌቱ አልተሳሳተም። የሁለቱን ኤርፖርቶች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይወስድና በመካከላቸው ያለውን አጭሩን የአየር መስመር ይለካል፤ ቦሌና ቱም በዚህ ልኬት 470 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ከዚያም ርቀቱን ለጄት ፍጥነት ያካፍልና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል። ወደ ስፍራው የሚበር አውሮፕላን መኖር አለመኖሩን ግን አይጠይቅም። ቱም በዓለም አቀፉ የኤርፖርቶች መዝገብ ላይ «ቲ ዩ ጄ» የሚል መለያ አላት፤ መደበኛ የመንገደኛ በረራ ግን የላትም።

መለያው የቀድሞ ዘመን ቅሪት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረባቸው ዳግላስ አውሮፕላኖች (ዲሲ-3 በሚል ስም የሚታወቁት) በአፈርና በሣር ሜዳ ላይ ማረፍ ስለሚችሉ፣ ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒና ቱም ከአየር መንገዱ መዳረሻዎች መካከል ለመሆን በቅተው ነበር። ዲሲ-3 በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ቦሌ ቱም በቀጥታ ቢበር እንኳ ሁለት ሰዓት ግድም ይፈጅበታል። በ2002 ዓ.ም. ወደ አገር ውስጥ በረራ የገባው ኪው-400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፤ ነገር ግን ረዘም ያለና የተስተካከለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ዝናብ በሚበዛበት በዚያ አገር የአፈር ሜዳ ቶሎ ይጨቀያል።

ከዋሽንግተን ቦሌ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወዳጄ ይህንን በ13 ሰዓት ያህል፣ መሐል ላይ ሳያርፍ ይበረዋል። (ሲመለስ ግን አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ያርፋል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ለዚያ ርቀት የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ያስቸግራል። የፊት ለፊት ነፋስም አለበት።)

የቀረው 470 ኪሎ ሜትር ነው ችግሩ። እስከ ጅማ በአውሮፕላን መሄድ ይቻላል፤ ከጅማ ቱም በአየር መስመር 210 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በመኪና ግን በቦንጋ በኩል ሚዛን ድረስ ብቻ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ሚዛን ማደር፣ በማግስቱ ደግሞ ወደ ደቡብ መቀጠል ግድ ይላል። ከሚዛን ቱም በአየር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በተራራና በሸለቆ የሚጠማዘዘው መንገድ ግን ከዚያ ብዙ ይረዝማል፤ በክረምትማ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሹፌሩም ደፍሮ አይናገርም።

ለወዳጄ ከዋሽንግተን ቱም ሦስት ቀን ያዝ አልኩት። ለጥየቃ ከሆነ አይከብድም። መርዶ ተነግሮት የሚነሣ ሰው ግን ለቀብር ቀርቶ ለሣልስትም አይደርስም። ምጥ የጠናባትና ወደ ሚዛን ሆስፒታል የተጻፈላት የማጂ እናት ደግሞ ያችን 80 ኪሎ ሜትር ያህል የምትሻገረው በዚሁ መንገድ ነው።