«ስንት ጊዜ ጣለሽ?» ከሚጥል በሽታ ክሊኒክ ጠረጴዛ የተማርኩት

ስለ ሚጥል በሽታ በኢንቦክስ ከምትልኩልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ «ይድናል ወይ?»፣ «ኪኒኑን እስከ መቼ ነው የምወስደው?»፣ «ማግባት፣ መውለድ እችላለሁ?» የሚሉ ናቸው። ዛሬ እነዚህን ጥያቄዎች ትንሽ ለየት ባለ መንገድ እናያቸዋለን።

በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ የሚጥል በሽታ ተመላላሽ ክሊኒክ ሪሰርች አሲስታንት (የምርምር ረዳት) ሆኜ ሠርቻለሁ። ነጭ ጋወን ስለምለብስ ታካሚዎቹ «ዶክተር» ይሉኝ ነበር። ሥራዬ ግን መድኃኒት ማዘዝ ሳይሆን መጠየቅ፣ መስማትና በትክክል መጻፍ ነበር። ቀላል ይመስላል አይደል? እስኪ እንየው።

ፊርማ ብቻውን ስምምነት አይደለም

ጠዋት የቀጠሮ ካርዶቹን አይቼ ለጥናቱ መስፈርት የሚያሟሉትን እለያለሁ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነጋገርኩ የጥናቱን ዓላማ፣ ምን እንደምንጠይቅና መረጃው እንዴት በምስጢር እንደሚያዝ አስረዳለሁ። በየቀኑ ሳልታክት የምደግመው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፦ «ባይሳተፉም ሕክምናዎ አይቋረጥም፣ አይጓደልም።»

ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እናት ገና ሳልጨርስ «ልጄ፣ አንተ ካልክ ምን ገዶኝ፣ የት ጋ ልፈርም?» አሉኝ። እሳቸው እኔን አምነዋል። እንዲህ ያለው እምነት ግን ስምምነት አይባልም። «እናቴ፣ መጀመሪያ የነገርኩዎትን በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» አልኳቸው። «አዲስ መድኃኒት ልትሰጡት ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር ግን አልነበረም! ጥናታችን ክትትል ብቻ ነበር። እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው፣ ጊዜ ወሰዱ፣ ጠየቁ፣ ከዚያ ፈረሙ። እናንተም ለጥናት ስትጠየቁ ያልገባችሁን መጠየቅ፣ «እምቢ» ማለትም ሆነ ጀምሮ ማቋረጥ መብታችሁ ነው።

«ስንት ጊዜ ጣለሽ?» የሚለው ጥያቄ የሚደብቀው

ከጥያቄዎቼ ሁሉ ዋናው ባለፈው ወር ስንት ጊዜ እንደጣለ የሚጠይቀው ነበር። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን የሚጨምረው፣ የሚቀንሰው ወይም የሚቀይረው በዋናነት ይህን መልስ አይቶ ነው። ችግሩ ታካሚው ራሱ ሲጥለው ብዙ ጊዜ አያውቅም። ሲነቃ ሰው ከቦት ያገኘዋል፣ በቃ። ስለዚህ አብሮ የሚኖር ሰው ያስፈልገኛል። ቀኑ ሲጠፋባቸው ደግሞ በበዓል አስታውሳቸዋለሁ፦ «ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?»

ሁለተኛው ችግር ቃሉ ራሱ ነው። «ሚጥል» ስለምንለው ሰው ካልወደቀ በሽታው የለም ብለን እናስባለን። አንዲት ወጣት «ሦስት ወር አልጣለኝም» አለችኝ። ቀጣዩን ጥያቄ ስጠይቅ፣ «ሰው እያናገረሽ ለጥቂት ሰከንድ ጥፍት ብለሽ ትመለሻለሽ? ዕቃ ከእጅሽ ያመልጥሻል?» ስላት፣ አጠገቧ የነበረው ወንድሟ ቀደማት፦ «አዎ! ቡና እየቀዳች ፍዝዝ ትላለች፣ ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ይፈሳል። ስንጠራትም አትሰማም። ሐሳብ ገብቷት ነው የሚመስለን።»

ይህ ሐሳብ አይደለም፤ ሳይወድቁ የሚመጣ የበሽታው ዓይነት ነው። ፍዝዝ ማለት፣ ከንፈር መምጠጥ፣ ልብስ መነካካት፣ የአንድ እጅ መንዘር፣ ድንገት የሚመጣ እንግዳ ሽታ ወይም ፍርሃት ሁሉ ሊሆን ይችላል። «ሦስት ወር ደህና ነኝ» ብላ ብትሄድ ሐኪሙ ያንኑ መድኃኒት ባለበት ያስቀጥል ነበር።

👉 እዚህ ላይ የያዛችሁት ስልክ ትልቅ ሥራ ይሠራል። የቤተሰባችሁን አባል ሲጥለው፣ መጀመሪያ ደህንነቱን ጠብቃችሁ፣ አንድ ሰው በቪዲዮ ይቅረጽ፤ ቪዲዮውን ለሐኪም ብቻ አሳዩት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ደግሞ መዝግቡ።

የተረፈው ኪኒን የሚናገረው

በየቀጠሮው ታካሚዎች የተረፋቸውን ኪኒን ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ እቆጥራለሁ። ማለቅ ሲገባው ተርፎ ካገኘሁት አልቆጣም፤ ምክንያቱን እጠይቃለሁ። ምክንያቶቹም ተመሳሳይ ነበሩ፦ «ተሽሎኝ ነው»፣ «ጸበል ገብቼ ነው»፣ «ጾም ነበር»፣ «ፋርማሲ የለም አሉኝ»፣ «የትራንስፖርት አጣሁ»።

በእምነታችሁ ማንም አይገባም። ጸበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ። ጾመኛ ከሆናችሁ የመውሰጃ ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር አስተካክሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን በድንገት ማቆም ተደጋጋሚና ለሕይወት አስጊ የሆነ መጣል ሊያስከትል ይችላል። «ተሽሎኛል» ያላችሁትም ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው።

የአንዷን ታሪክ ላንሳ (ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። አዲስ ሙሽራ ናት፣ ባሏ ሕመሟን አያውቅም። ሲጥላት ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ስለነበር፣ በመድኃኒቱም ቆሞላት ስለቆየ፣ መደበቅ ችላለች። ኪኒኗን በበርበሬ ዕቃ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። በስልክ ለመከታተል ቁጥሯን ስወስድ እንደማንኛውም ተሳታፊ ጠየቅኋት፦ «ስልኩን ሌላ ሰው ያነሳል? በስንት ሰዓት ልደውል? ከየት ነው ልበል?» ቀና ብላ አየችኝና «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች። ያኔ ነው የልቧን ያወጣችው፦ «ልጅ እንፈልጋለን። ካረገዝኩ መድኃኒቱን ልተወው?»

የምትወስደው ሶዲየም ቫልፕሮኤት ነበር። ይህ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ በጽንሱ ላይ የአካል ጉድለት የመፍጠርና የልጁን የአእምሮ እድገት የመጉዳት ዕድሉ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው። በሌላ በኩል ራሷ በድንገት ብታቆመው እሷም ጽንሱም አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ሁለቱም መንገድ ገደል ነው። መልሱን መስጠት የእኔ ሥራ አልነበረም፤ በዚያው ቀን ሐኪሙ ጋ ይዣት ገባሁ። ከማርገዟ በፊት መድኃኒቷ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ተቀየረ፣ ፎሊክ አሲድም ተጀመረላት።

ለባሏ ነገረችው? በተከታተልኳት ጊዜ ውስጥ አልነገረችውም። ኪኒኗን ግን አንድም ቀን አላጎደለችም። ቅጹ ላይ ስለ መገለል የሚጠይቁ ጥያቄዎች ነበሩ። እሷ ግን ለጥያቄዎቹ መልስ ከመስጠቷ በፊት የበርበሬ ዕቃው መልሶልኝ ነበር።

👉 ሴቶች ልብ በሉ፦ እርግዝና ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ከሐኪም ጋር ተመካከሩ። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ደግሞ የአንዳንድ የወሊድ መከላከያዎችን (የሚዋጠውንና በክንድ የሚቀበረውን) ኃይል ስለሚያዳክሙ መድኃኒት እየወሰዳችሁ መሆኑን ለባለሙያ ንገሩ።

ይህ ሁሉ ጽሑፍ ምን ይጠቅማል?

«ስንቱ ይጠይቀናል፣ መድኃኒት አይሰጡንም እንዴ!» የሚለኝ ነበር። አይፈረድበትም። ነገር ግን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ያካሄዱት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1990 የታተመው ጥናት ባይኖር ኖሮ በዚያ ከ1,000 ሰው 5.2 የሚሆኑት ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ አናውቅም ነበር። ዘመናዊ ሕክምና የሚያገኙት እጅግ ጥቂት እንደሆኑ ያሳየውም ይኸው ጥናት ነው። ያልተቆጠረ ሰው መድኃኒት አይገዛለትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ። በትክክል ተመርምረው ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። «ይድናል ወይ?» ላላችሁን፣ ብዙዎች ሠርተው፣ አግብተው፣ ወልደው ይኖራሉ። መድኃኒቱን መቼ ማቆም እንደሚቻል የሚወስነው ግን ሐኪም ነው።

ሰው ፊታችሁ ሲጥለው

1. ተረጋጉ፣ ሰዓት ያዙ።
2. እሳት፣ ስለትና ጠንካራ ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ ከጭንቅላቱ ሥር ጋቢ ወይም ጃኬት አድርጉ።
3. አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ አላሉ፤ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት።
4. ማንኪያም ሆነ ጣት አፉ ውስጥ አትክተቱ። አትጫኑት፣ አትሰሩት።
5. ክብሪት አታሽቱት! ምንም አይጠቅምም፣ ሊያቃጥለው ግን ይችላል።
6. በደንብ እስኪነቃ የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት፤ ብቻውን አትተዉት።

ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ ከተጎዳ፣ ውኃ ውስጥ ከጣለው ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ።

እና አትፍሩ፣ ንኩት። በሽታው በትንፋሽም፣ በለሃጭም፣ በመንካትም አይተላለፍም። ክሊኒክ ውስጥ ከሰማኋቸው ታሪኮች ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው «ስነቃ ሰዎቹ ቆመው ከሩቅ ያዩኝ ነበር» የሚለው ነው።

ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡልን፤ የግል ጉዳይ ከሆነ ግን በኢንቦክስ ይሁን። ይህ መረጃ የሚጠቅመው ሰው ስለማይጠፋ ሼር አድርጉት።